በወንፊት የማይወጣው ነቀዝ

አምና ጥር ላይ በቆሎዬን ነፋሁ፣ ፀሐይ ላይ አሰጣሁ፣ አንድ ነቀዝ አልቀረም ብዬ ጆንያውን ሰፋሁት። መጋቢት መጨረሻ ስፈታው እጄ ላይ እስከ ክርኔ ወጡብኝ። ያለቀስኩት ለእህሉ ብቻ አልነበረም፤ ድካሜም አንገበገበኝ። የመጡት ከዚያው ከፍሬው ውስጥ ነው።

ሴቷ ነቀዝ እንደ ኩምቢ በሾለ አፏ ፍሬውን ትበሳለች። አንድ እንቁላል ትጥልና ቀዳዳውን በሚያጣብቅ ፈሳሽ ትደፍነዋለች። ሲደርቅ ከበቆሎው ገላ ጋር ይመሳሰላል፣ ዓይን አይለየውም። ትሉ እግር የለውም። እዚያው ይበላል፣ እዚያው ነቀዝ ይሆናል፣ ከዚያ በስቶ ይወጣል። ሞቃት ቦታ ላይ ይህ ሁሉ አምስት ሳምንት ገደማ ይፈጃል፤ የእኛ የፍኖተ ሰላም ብርድ ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም። አንዲት ሴት በዕድሜዋ 300 እንቁላል ልትጥል ትችላለች። ጤፍ ከዚህ የዳነችው ፍሬዋ ለትሉ ማደሪያ ስለማይበቃ ነው።

ስለዚህ ከማስቀመጣችሁ በፊት ፈትሹ። አንድ እፍኝ ውሃ ውስጥ ጨምሩና የተንሳፈፈውን በቢላ ሰንጥቁ። ነጭ፣ ድብልብል፣ ጭንቅላቱ ቡናማ የሆነ ትል ታገኙ ይሆናል። ገና እንቁላል ያለበት ፍሬ ግን አይንሳፈፍም። ለዚያ እኔ 100 ፍሬ ቆጥሬ ጠርሙስ ውስጥ አደርጋለሁ፣ አፉን በነጠላ ቅዳጅ አስሬ ማድቤት ስድስት ሳምንት አቆየዋለሁ። ዘንድሮ 11 ወጡ።

ነቀዝ ማሳ ድረስ በርሮ ይሄዳል። ጫፉ ያልተሸፈነ የበቆሎ ራስ ቀድሞ ይያዛል፤ እሱን ለይታችሁ ቶሎ ብሉት። አዲሱን ከአሮጌው አትቀላቅሉ፤ አሮጌ ጆንያ በፈላ ውሃ ይቀቀል።

ከዚያ በደንብ አድርቁ። ደረቅ ጨውና በቆሎ በደረቅ ጠርሙስ ነቅንቁ፤ ጨው ከጠርሙሱ ግድግዳ ከተጣበቀ እህሉ ገና እርጥብ ነው። ሲደርቅ ፒክስ በሚባለው፣ ውስጡ ሁለት ላስቲክ ባለው የእህል ከረጢት ውስጥ ክተቱት። ሁለቱን የውስጥ ላስቲኮች አየሩን ጨምቃችሁ ለየብቻ ጠምዝዛችሁ እሰሩ። ነቀዙና ትሉ ያለውን አየር ይጨርሱታል፣ ከዚያ መብላትም መራባትም ያቆማሉ። ላስቲኩ የመርፌ ቀዳዳ ታህል ከተበሳ ግን ከንቱ ነው፤ አይጥ ከማይደርስበት አኑሩት።

የነቀዝ ክኒን የምትሉ፣ እባካችሁ ሰው በሚተኛበት ቤት አታድርጉት። ክኒኑ የሚያወጣው ጋዝ ሰውም ይገድላል።

የእኔን ያሰርኩት ጥር 6 ነው። እስከ መጋቢት አጋማሽ ማንም እንዳይፈታው ለልጆቹ ነግሬያለሁ።