የእንጆሪ ወይን እንዴት ይጣላል? ብራንዲውስ?

ከጅማ ወደ አጋሮ ወይም ወደ ሰቃ ጨቆርሳ ወጣ ስትሉ በየአጥሩ ሥርና በየቡናው ማሳ ዳር እሾኻም ቁጥቋጦ ታያላችሁ። ፍሬው መጀመሪያ አረንጓዴ ነው፣ ከዚያ ይቀላል፣ ሲበስል ደግሞ ወደ ጥቁር ይጠጋል። እኛ እንጆሪ እንለዋለን፤ ኦሮምኛ ተናጋሪው ጎራ ይለዋል። ልጆች ጣታቸውንና ምላሳቸውን አቅልመውበት ይመለሳሉ፣ የተረፈውን ወፍ ይጨርሰዋል።

ያደግኩት እናቴ ጠጅ ስትጥል እያየሁ ነው። እንጆሪ የጣልኩት ግን ዘግይቼ ነው፤ ልጆች በጣሳ እየሰፈሩ ያመጡልኝን አራት ኪሎ እምቢ ማለት አቅቶኝ ገዛሁና ምን ላድርገው ብዬ ስጨነቅ። ጠጅ የጣለ ሰው ለዚህ ሥራ እንግዳ አይደለም። ልዩነቱ ማሩ በፍሬና በስኳር መተካቱ ነው፤ ጌሾም አይገባበትም። ጌሾ ሞክሬበታለሁ፤ ምሬቱ የእንጆሪውን ሽታ ውጦት ጠጅም ወይንም ያልሆነ ነገር ወጣኝ።

በነገራችን ላይ እዚህ እንጆሪ የምለው የዱሩን ነው። ሱፐርማርኬት በፕላስቲክ ሣጥን የሚሸጠው ቀዩ እንጆሪም ወይን ይወጣዋል፤ ቀለሙ ግን ወር ሳይሞላው ይደበዝዛል።

የሚያስፈልገው

አራት ኪሎ የበሰለ እንጆሪ፣ አራት ሊትር ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ፣ አንድ ኪሎ ከሦስት መቶ ግራም ስኳር፣ የአንድ ሎሚ ጭማቂ፣ አንድ ብርጭቆ ወፈር ያለ ጥቁር ሻይ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ደረቅ የዳቦ እርሾ። ሻዩ ለቀለም አይደለም። ወይኑ አፍ ላይ ጥቂት ያዝ የሚያደርግ ነገር ይፈልጋል፣ እሱን የሚሰጠው ሻዩ ነው።

ስለ ስኳሩ መጠን የሚጠይቁኝ ብዙ ናቸው። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ በአንድ ሊትር ውስጥ 17 ግራም ስኳር ሲፈላ 1 በመቶ ያህል አልኮል ይሆናል። አራት ኪሎ እንጆሪ የራሱ ስኳር ሁለት መቶ ግራም ገደማ አለው። ከጨመርነው ጋር አንድ ኪሎ ተኩል ይሆናል፣ ጠቅላላው ፈሳሽ ደግሞ ወደ ስምንት ሊትር ይጠጋል። ስለዚህ ወይኑ ወደ 11 በመቶ ይደርሳል። «ጠንከር ይበልልኝ» ብላችሁ ሁለት ኪሎ ስኳር ብትጨምሩ የዳቦ እርሾ አይችለውም፤ መንገድ ላይ ይደክምና ሽሮፕ የመሰለ ጣፋጭ ነገር ይተውላችኋል።

ዕቃው ክዳን ያለው ባለ ሃያ ሊትር የምግብ ፕላስቲክ ባልዲ፣ ባለ አሥር ሊትር የውሃ ጀሪካን፣ ወንፊት፣ ንጹሕ ሻሽ፣ የላስቲክ ጓንትና ቀጭን ቱቦ ነው። ለቱቦው ፋርማሲ ሄዳችሁ የግሉኮስ መስጫውን ግዙ። መርፌውን ቆርጣችሁ ጣሉት፤ የሚከፍትና የሚዘጋ ትንሽ ጎማ አለው፣ በኋላ ትወዱታላችሁ። ናፍጣ ወይም ኬሚካል የነካው ጀሪካን ሺህ ጊዜ ቢታጠብም አይሆንም።

ለጠላና ለጠጅ ጋኑን በግራዋ አጥበን በወይራ እናጥናለን። ለዚህ ግን አታጥኑ፣ ጭሱ የፍሬውን መዓዛ ይጋርደዋል። በሳሙና ማጠብ፣ በደንብ ማለቅለቅ፣ በመጨረሻ የፈላ ውሃ መድፋት ይበቃል። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,750 ሜትር ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ ለዚህ ሥራ ግን ከበቂ በላይ ነው።

መጣል

ፍሬውን ትሪ ላይ ዘርግታችሁ ልቀሙ። ሻጋታ የነካውን፣ ያልበሰለውን፣ ቅጠሉንና ጉንዳኑን አውጡ። ይህ አሰልቺ ነው፤ ግን አንድ የሻገተ ፍሬ የባልዲውን ሙሉ ጣዕም ያበላሻል። ለቅለቅ አድርጋችሁ አንጠፍጥፉት እንጂ ውሃ ውስጥ አታቆዩት።

ከዚያ ባልዲው ውስጥ አድርጋችሁ በታጠበ እጅ ወይም በእንጨት ጭልፋ ጨፍልቁት። በብሌንደር መፍጨት ይቀላል፣ እኔም የመጀመሪያ ጊዜ ያደረግኩት እንደዚያ ነው፤ ፍሬዋ ውስጥ ያለችው ጥቃቅን ዘር ስትፈጭ ግን መራራ ትሆናለች። እጅ ይሻላል። ክንዳችሁ እስከ ክርናችሁ ይቀላል፣ ለሁለት ቀን አይለቅም።

ስኳሩን በሞቀ ውሃ አሟሙታችሁ ጨምሩ፣ የቀረውን ውሃ፣ ሎሚውንና ሻዩን አስከትሉ። ባልዲው ከላይ ቢያንስ ግማሹ ባዶ መሆን አለበት፣ ሲፈላ አረፋው ይነሳል። እርሾውን በግማሽ ብርጭቆ ለብ ባለ ውሃ ለአሥር ደቂቃ አስነሱትና ጨምሩት። ለብ ያለ ማለት ጣት ሲነከርበት ሙቀቱም ቅዝቃዜውም የማይሰማ ነው፤ ትኩስ ውሃ እርሾውን ይገድለዋል። ከፍሬው ቆዳ ላይ ያለው የተፈጥሮ እርሾ ብቻውን ሊያፈላው ይችላል፣ ጠጅም በዚሁ ነው የሚፈላው። ግን አንዳንዴ ይሳካል፣ አንዳንዴ ኮምጣጤ ይሆናል፤ አራት ኪሎ የለቀመ ሰው ይህን ዕድል መሞከር የለበትም።

አፉን በሻሽ ሸፍናችሁ በገመድ እሰሩ። በክዳን አትድፈኑት፣ እርሾው በእነዚህ ቀናት አየር ይፈልጋል። ሻሹ የሚከለክለው ያቺን ትንሽ የፍራፍሬ ዝንብ ነው። እሷ ከገባች ኮምጣጤው ይከተላል።

በማግሥቱ ጆሯችሁን ብታስጠጉ ዝናብ በሩቅ ቆርቆሮ ላይ የሚያንጠባጥብ የመሰለ ድምፅ ትሰማላችሁ። የፍሬው አሰር ወደ ላይ ይንሳፈፍና ወፍራም ክዳን ይሠራል። ጠዋትና ማታ በንጹሕ የእንጨት ማንኪያ ወደ ታች ድፈቁት። ከተውት ላዩ ይደርቅና ይሻግታል፣ ቀለሙም አይወጣም። የጅማ ቀን ሞቅ፣ ሌሊቱ ቀዝቀዝ ይላል፤ ቤት ውስጥ ጥግ ላይ ከ18 እስከ 24 ዲግሪ ካገኘ ይመቸዋል። ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ወይም ምድጃ አጠገብ አታስቀምጡት።

ማጥለልና መጠበቅ

በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ቀን መፍላቱ ይበርዳል። በወንፊት፣ ከዚያ በሻሽ አጥልሉት። ሻሹን ጨብጣችሁ ጨመቅ አድርጉ፣ ግን እስከ መጨረሻው አትጨምቁት፤ የመጨረሻው ጠብታ ዝቃጭ እንጂ ወይን አይደለም።

ፈሳሹን ወደ ጀሪካኑ ገልብጡ። አፉ ላይ የላስቲክ ጓንት አጥልቁና በክር እሰሩት፣ አንዱን ጣት በመርፌ አንዴ ብቻ ውጉት። ጋዙ በቀዳዳዋ ይወጣል፣ አየር ግን አይመለስበትም። ጓንቱ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ተነፍቶ እጅ ይዘረጋል። ጎረቤታችን ሐጂ አንድ ቀን በመስኮት አይተውት «ማንን ነው ሰላም የሚለው?» ብለው ጠየቁኝ።

ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ጨለማ ቦታ ይቀመጥ። ጓንቱ ሲረግብ፣ ስትቀምሱትም ጣፋጩ ሲጠፋ መፍላቱ አልቋል ማለት ነው። ሥሩ ላይ የተቀመጠውን ጭቃ መሳይ አምቡላ አታናውጡ። ጀሪካኑን ጠረጴዛ ላይ፣ ሌላ ንጹሕ ዕቃ ወለል ላይ አድርጋችሁ በግሉኮሱ ቱቦ አውርዱት። ቀስ ብሎ ነው የሚወርደው፣ ቡና ተፈልቶ እስኪጠጣ ድረስ ይቆያል፤ ጥድፊያው ግን አምቡላውን ይቀሰቅሰዋል። የበሰበሰ እንቁላል ሽታ ከመጣ አትደንግጡ፣ ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ እያንጠባጠባችሁ ብታወርዱት ይተናል። ከላይ ነጭ ስስ ሽፋን ካያችሁና ሽታው ከኮመጠጠ ግን ኮምጣጤ ሆኗልና ለሰላጣ አውሉት።

ያወረዳችሁትን ዕቃ እስከ አፉ ሙሉት፣ ባዶ ቦታ ለወይን ጠላት ነው። ዳግም በጓንት ሸፍናችሁ ለሁለት ወር ተዉት። በዚያ መሐል አንዴ ደግማችሁ ከአምቡላው ለዩት። ሲጠራና ብርሃን ሲያሳልፍ ወደ ጠርሙስ ይገባል፤ ስምንት ጠርሙስ ገደማ ይወጣል።

ጠርሙሱ ላይ አትቸኩሉ። እኔ አንድ ዓመት በአምስተኛው ሳምንት፣ ገና ጣፋጭነቱ ሳይጠፋ፣ ስድስት ጠርሙስ ሞልቼ ቡሹን በመዶሻ አስገብቼ አልጋ ሥር ደረደርኩ። በዘጠነኛው ሌሊት አንዱ ፈነዳ፣ ድምፁ ሁለተኛውን ይዞ ሄደ። ኖራ በተቀባው ግድግዳ ላይ የተረጨው ነጠብጣብ አሁንም አለ። ሐጂ ከአጥር ማዶ «ሰላም ነው ወይ? ምን ተተኮሰ?» አሉ። «ወይን ነው ሐጂ!» አልኳቸው። ትንሽ ዝም አሉና «እኛ ለካ ይሄን ፈርተን ነው የማንጠጣው!» ብለው ሳቁ። ቀሪዎቹን አራት ጠርሙሶች በወፍራም ብርድ ልብስ ጠቅልዬ ነው የከፈትኳቸው፣ እናንተም ብትሳሳቱ እንዲሁ አድርጉ። ለሐጂ ቤት ግን በየጊዜው ከእንጆሪው ቀንሼ ሽሮፕ አፈላለሁ፦ ፍሬና ስኳር እኩል፣ ትንሽ ውሃ፣ ሃያ ደቂቃ፣ ከዚያ ማጥለል። በረመዳን ለፊጥር በቀዝቃዛ ውሃ ያቀጥኑታል።

ወይኑ ወዲያው ይጠጣል፣ ግን ሻካራ ነው። ስድስት ወር የቆየውን ቀምሳችሁ ካያችሁ በኋላ ሌላውን መክፈት ያስጠላችኋል።

ብራንዲው

ብራንዲ የሚባለው ወይን ተሞቆ እንፋሎቱ ተቀዝቅዞ ሲወርድ የሚገኘው ነው። ሴቶቻችን አረቄ የሚያወጡበት መንገድም ይኸው ነው፦ እንስራ እሳት ላይ፣ ከአፉ የሚወጣ መቃ፣ በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ የተቀመጠ መቀበያ። አረቄ የሚለው ቃል ራሱ በዐረብኛ ላብ ማለት ነው፣ ጠብ ጠብ ሲል ላየው ሰው ስሙ ይገባዋል። መጀመሪያ የሚወርደው ተራ አረቄ ነው፤ ሲደገም ዳግም ይባላል፣ ወደ 45 በመቶ ይደርሳል።

አሁን ሒሳቡን እዩት። ስድስት ሊትር የ11 በመቶ ወይን ውስጥ ያለው ንጹሕ አልኮል 660 ሚሊ ሊትር ነው። ራሱንና ጅራቱን፣ ማለትም መጀመሪያና መጨረሻ ላይ የሚወርደውን፣ ጥላችሁ በ45 በመቶ የሚቀርላችሁ አንድ ሊትር ገደማ ነው። ስምንት ጠርሙስ ሰጥቶ አንድ ጠርሙስ መቀበል ነው፣ ለእኔ አያዋጣም። እናወጣለን ካላችሁ ግን እነዚህን አትዝለሉ። አሰሩን ሳይሆን በደንብ የጠለለውን ወይን ብቻ አስገቡ፤ ፍራፍሬ ውስጥ ያለው ፔክቲን ፍሬው ሲብላላ ሜታኖል የሚባል መርዛማ አልኮል ይሰጣል፣ እሱ ዓይን ያጠፋል። መጀመሪያ የሚወርደውን አንድ ሲኒ ድፉ፣ ሽታው ስል የሆነው ነው። ይህ ግን ሜታኖሉን ጨርሶ አያወጣውም፣ ከመጨረሻው ጋርም ይወርዳል። የመኪና ራዲያተርና በእርሳስ የተበየደ ቱቦ ፈጽሞ አትጠቀሙ። እሳቱ ለስላሳ ይሁን፣ እንፋሎት የሚወጣበት መንገድ አይዘጋ፣ መቀበያው ከነበልባሉ ይራቅ፣ ትነቱ ይያያዛል። የጠጣ ሰው ዓይኑ ከደበዘዘበት ወይም በማግሥቱ ራሱን አሞት ከከፋ ቤት አታስተኙት፣ ሐኪም ቤት ውሰዱት።

እኔ የማደርገው ሌላ ነው። ከማውቃት ሴት ዳግም አረቄ አንድ ሊትር እገዛለሁ። አንድ ኪሎ እንጆሪና ሁለት መቶ ግራም ስኳር በሰፊ አፍ ብርጭቆ ዕቃ ውስጥ አድርጌ አረቄውን አፈስበታለሁ፣ እዘጋለሁ፣ ጨለማ ውስጥ አስቀምጣለሁ፣ በየሁለት ቀኑ አገላብጠዋለሁ። በስድስተኛው ሳምንት አጠልለዋለሁ። ጥቁር ቀይ ይሆናል፣ ሽታው ሙሉ እንጆሪ ነው፣ ሲጠጣ ግን አረቄነቱን አይደብቅም። ለገና እንግዳ በትንሽ መለኪያ እቀዳለሁ።

የተጠለለውን ፍሬ ደግሞ ከልጆች አርቃችሁ ቅበሩት። እኔ አንዴ ለዶሮዎቹ በተንኩት፤ አውራው ቀኑን ሙሉ ግንዱን ተደግፎ ዋለና በማግሥቱ ፀሐይ ከወጣች ከሁለት ሰዓት በኋላ ጮኸ።