«ሥዕላችሁን ቶሎ አጥፉ!» የሚል ፖስት ሲደርሳችሁ

አንዲት የማውቃት ሠዓሊ የአራት ዓመት ሥራዋን ከአካውንቷ ላይ አንድ በአንድ ስታጠፋ አደረች። ምክንያቱ አንድ ስክሪንሾት ነበር። «ከነገ ጀምሮ የምትለጥፉት ሥዕል ሁሉ የድርጅቱ ንብረት ይሆናል» ይላል። ጠዋት የድረ ገጹን የአጠቃቀም ደንብ ከፍተን አብረን ስናነበው እንደዚያ የሚል ነገር የለውም። ሥዕሎቹ ግን ሄደዋል፤ ከሥዕሎቹ ሥር የተጻፈው አስተያየት ሁሉ፣ በእነሱ በኩል ያገኟት የነበሩ ደንበኞችም አብረው ሄዱ። ሌላ ሰው እንዲህ ያለ ሌሊት እንዳያሳልፍ ነው ይህን የምጽፈው። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ እጃችሁን ሰብስቡ። ሼር አታድርጉ፣ አታጥፉም። ከዚያ ዋናውን ጽሑፍ ፈልጉ። ሊንክም ቀንም የሌለው ስክሪንሾት ማስረጃ አይደለም። ስታገኙት ደግሞ ይህ የጸደቀ ሕግ ነው፣ ረቂቅ ነው፣ ወይስ የአንድ መሥሪያ ቤት ሪፖርት ነው ብላችሁ ጠይቁ። በ2015 የሆነውን ልንገራችሁ። የአሜሪካ የቅጂ መብት ቢሮ ባለቤታቸው ስለማይገኝ ሥራዎች በሰኔ ወር ሪፖርት አወጣ። ሳምንታት ሳይቆይ ነገሩ በሠዓሊዎች ዘንድ «ሥዕላችሁን ሁሉ ካላስመዘገባችሁ ማንም ይወስደዋል የሚል ሕግ መጣ» ሆኖ ተሰራጨ። ምክር ቤት የቀረበ ረቂቅ ግን አልነበረም። ተቀራራቢ ረቂቅ የነበረው በ2008 ነው፤ እሱም ሴኔቱን አልፎ የተወካዮች ምክር ቤት ጋ ሳይጸድቅ ቀርቷል። በሐሳቡ ላይ መከራከር ተገቢ ነበር፤ ግን ስንቱ ሰው በሌለ ሕግ እንቅልፍ አጣ!

ድንጋጤው የመጣው ከአንድ ድረ ገጽ የአጠቃቀም ደንብ ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ የሚያስፈራው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «ብቸኛ ያልሆነ፣ ዓለም አቀፍ፣ ከክፍያ ነፃ፣ ለሌላ ሊተላለፍ የሚችል ፈቃድ ትሰጡናላችሁ።» ቃል በቃል እንየው። «ፈቃድ» ማለት ባለቤቱ አሁንም እናንተ ናችሁ ማለት ነው፤ ቤቱን ያከራየ ሰው ቤቱን አልሸጠም። «ብቸኛ ያልሆነ» ማለት ሥዕሉን ሌላ ቦታ መለጠፍም መሸጥም ትችላላችሁ ማለት ነው። «ዓለም አቀፍ» የተባለው ሌላ አገር ያለ ሰውም ስለሚያየው ነው። «ለሌላ ሊተላለፍ» የሚለው ብዙውን ጊዜ ምስሉን የሚያከማችላቸውን ድርጅት ለመሸፈን ይገባል። ያለዚህ ፈቃድ ሥዕላችሁን ለሰው ማሳየት ራሱ ያስከስሳቸዋል።

ዓይናችሁን መትከል ያለባችሁ ከዚያ ቀጥሎ ያለው ላይ ነው። ፈቃዱ ለምን ዓላማ ነው? «አገልግሎቱን ለመስጠት» ብሎ ይገድበዋል ወይስ ክፍት ነው? ሥዕሉን ስታጠፉት ፈቃዱ ያበቃል? ለማስታወቂያ ወይም አርቲፊሻል ኢንተለጀንስ ለማሠልጠን ይላል? «ባለቤትነቱን ታስተላልፋላችሁ» የሚል ካያችሁ ያኔ በእርግጥ አስቡበት፤ እንዲህ ያለው ነገር በሥዕል ውድድር ደንቦች ውስጥ ያጋጥማል፣ እዚያ ግን ማንም ሲጮህ አልሰማም። ጩኸት ሁሉ ባዶ ነው እያልኩ አይደለም። በታኅሣሥ 2012 ኢንስታግራም ስለ ማስታወቂያ ያወጣው አንቀጽ ተጠቃሚውን ስላስቆጣ በቀናት ውስጥ አንስቶታል። በ2024 የሥዕልና የፎቶ ሶፍትዌር ሠሪው አዶቢም ከተቃውሞ በኋላ ደንቡን እንደገና ጽፎታል። ውጤት የሚያመጣው «ይህ ዓረፍተ ነገር ይስተካከል» ብሎ ጣቱን የሚቀስር ሰው ነው።

ገጻችሁ ላይ ኮፒ ፔስት የምታደርጉት «ሥራዬን እንድትጠቀሙ አልፈቅድም» የሚል ማስታወቂያ ምንም አይሠራም፤ አካውንት ስትከፍቱ ደንቡን ተቀብላችኋል። በ2012 ፌስቡክን ያጥለቀለቀው እንዲያውም «በርነር ኮንቬንሽን» እያለ የሌለ ስምምነት ይጠቅስ ነበር። እውነተኛው አገሮች የቅጂ መብትን ለመጠበቅ የተስማሙበት የ1886ቱ የበርን ስምምነት ነው። ከ1908 ማሻሻያው ወዲህ መብቱ ያለ ምንም ምዝገባ፣ ሥራው ሲፈጠር አብሮ ይመጣል። መብቱን ለማግኘት ብሎ ሥዕሉን በፖስታ ለራስ መላክ አያስፈልግም። ምዝገባ ጥቅም የለውም ማለቴ አይደለም፤ ለምሳሌ አሜሪካ ውስጥ የዚያው አገር ሥራ ከሆነ ክስ ለመመሥረት ይጠየቃል። መብቱን የሚፈጥረው ግን እሱ አይደለም።

«30 በመቶ ከቀየርከው ያንተ ነው» የሚል ሕግ የለም። «ስሙን ጠቅሻለሁ»፣ «አልሸጥኩትም» ማለትም ፈቃድን አይተካም። ሌላው ደግሞ «እያንዳንዱን ካልከሰስክ መብትህን ታጣለህ» የሚለው ነው። ይህ የንግድ ምልክትን ከቅጂ መብት ጋር ማምታታት ነው፤ ሰው ስላልከሰሰ የቅጂ መብቱን አያጣም።

በጣም የሚያሳዝነኝ ግን «ስታይሌን ሰረቀች» ተብሎ በአንድ ጀማሪ ላይ የሚዘመተው ነው። ስታይል፣ የአቀማመጥ ፖዝ፣ የቀለም ምርጫ የማንም የግል ንብረት አይደለም፤ የሚጠበቀው ሐሳቡ ሳይሆን የተሣለው ሥራ ነው። ከመክሰሳችሁ በፊት በሥዕል ፕሮግራም ውስጥ ሁለቱን ሥዕሎች በየሌየራቸው (አንዱ በሌላው ላይ በሚነባበር ገጽ) አስቀምጡና የላይኛውን ደብዘዝ አድርጉት። የዓይን፣ የጣትና የልብስ እጥፋት መስመሮች አንድ ላይ ከገጠሙ በላዩ ተሥሎበት ይሆናል። ጣቶቹ ሌላ፣ ትከሻው ሌላ ከሆነ ምናልባት ሁለታችሁም ያያችሁት አንድ ፎቶ ነው። ከዚያ በኋላም መጀመሪያ በውስጥ መስመር ጠይቋት። ብዙ ጊዜ እዚያው ያልቃል።

የምር ተሰርቃችሁ ከሆነ የገጹን አድራሻና ቀኑን ከነስክሪንሾቱ ያዙ፤ ሌየር ያለውን ዋናውን ፋይልም አታጥፉ። ከዚያ ለድረ ገጹ የማስወገጃ ጥያቄ ላኩ። አሜሪካ ላሉ ድረ ገጾች ይህን የሚገዛው የ1998ቱ ዲኤምሲኤ የሚባለው የአሜሪካ የዲጂታል ቅጂ መብት ሕግ ነው። የትኛው ሥራ እንደሆነና የት እንደተለጠፈ ትጽፋላችሁ፣ በቅን ልቦና መሆኑን ታረጋግጣላችሁ፣ ትፈርማላችሁ። ያኛው ወገን ከተቃወመና እናንተ ክስ ካልመሠረታችሁ፣ ሥዕሉ ከ10 እስከ 14 የሥራ ቀን ውስጥ ሊመለስ ይችላል። ስለዚህ በስታይል ቅሬታ ይህን አትላኩ፤ እያወቁ ሐሰት መጻፍ ራሱ በካሳ ያስጠይቃል። ተከታዮቻችሁንም ሰውዬው ገጽ ላይ አታዝምቱ። ብዙ ገንዘብ ያለበት ጉዳይ ከሆነ ደግሞ የአገራችሁን ሕግ የሚያውቅ ጠበቃ አማክሩ።

ቀጣዩ የድንጋጤ ፖስት ሲመጣ ከሥሩ ይህን ብቻ ጻፉ፦ «ሊንኩን ላክልኝ፣ የትኛው አንቀጽ ነው?»