«22:6 ኦሜጋ-3»፦ የአንጎል ቅባትን ቁጥር እንዴት እናንብብ?

ስለ አንጎል ምግብ ስታነቡ «22:6 ኦሜጋ-3» የሚል ነገር ይገጥማችኋል። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ሲደርስ ዘሎ ያልፋል። እናንተ አትለፉት። ውሃው ወጥቶ ደረቁ ቢመዘን ከአንጎላችን ግማሽ ያህሉ ቅባት ነው። ቁጥሩ ያ ቅባት ከምን እንደተሠራ ይነግራችኋል። እርሳስና ወረቀት ይበቃል።

መጀመሪያ 22ን ውሰዱ። የካርበን ብዛት ነው። እንደ መቁጠሪያ ዶቃ 22 ነጥቦች በአንድ መስመር ደርድሩ። ቀኝ ጫፉ ላይ «አሲድ» ብላችሁ ጻፉ። ግራው ጅራቱ ነው።

ከሁለት ነጥቡ በኋላ ያለው 6፣ ስድስት ቦታ ላይ ድርብ ትስስር አለ፣ ማለትም ሁለት ጎረቤት ካርበኖች በአንድ ፈንታ በሁለት ማሰሪያ ተያይዘዋል ማለት ነው። የት የት? ኦሜጋ-3 ይመልሰዋል፤ ከጅራቱ ስትቆጥሩ የመጀመሪያው 3ኛው ካርበን ላይ ይጀምራል። ሌሎቹ 6፣ 9፣ 12፣ 15 እና 18 ላይ ናቸው። ከእነዚህ ነጥቦች እስከ ቀጣያቸው ሁለት ሁለት መስመር አስምሩ።

አሁን ሥዕሉን እንደገና ሣሉት፤ ድርብ መስመር ባለበት ሁሉ ሰንሰለቱን ቆልመም አድርጉት። ምስጢሩ ያለው እዚህ ነው። ድርብ ትስስር የሌለው 18:0 ቀጥ ያለ ስለሆነ እንደ ማገዶ ተጠጋግቶ ይደረደራል፤ 69 ዲግሪ ገደማ ካልደረሰ አይቀልጥም። ስድስት ቦታ የተቆለመመው 22:6 ግን እንዲህ መደርደር አይችልም። ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ላይ እንኳ ፈሳሽ ነው። ዲኤችኤ የሚባለው ይኸው ነው። የነርቭ ሴሎች በሚገናኙበት ቦታና በዓይን ሬቲና ሽፋን ውስጥ በብዛት አለ፤ ሽፋኑ እንዲለሰልስና እንዲተጣጠፍ ያደርገዋል።

በዚሁ መንገድ 20:4 ኦሜጋ-6ን ሞክሩ። እሱም አንጎል ውስጥ ብዙ ነው። የነርቭ ክሮችን በሚጠቀልለው ማየሊን ውስጥ ደግሞ እንደ 24:1 ኦሜጋ-9 ያሉ ረጃጅሞች አሉ፤ ድርቡ አንድ ብቻ ነው።

ከዚያ ወደ ጓዳ ግቡ። የኑግ ዘይት በአብዛኛው 18:2 ኦሜጋ-6 ነው። በጾም በጥብጠን የምንጠጣው ተልባ 18:3 ኦሜጋ-3 አለው፤ ከዘይቱ ግማሽ ያህሉ እሱ ነው። ተልባን በጣም እወዳለሁ፤ ግን 18:3 ገና 22:6 አይደለም። ሰውነታችን አራት ካርበንና ሦስት ድርብ ትስስር ይጨምርበታል፤ እስከ መጨረሻው የሚደርሰው ግን ጥቂቱ ነው። ሰባ ያለ የባሕር ዓሣ ውስጥ 22:6 ተዘጋጅቶ ይገኛል። ስለዚህ ዕቃው ላይ «ኦሜጋ-3» ተጽፎ ስታዩ፣ 18:3 ነው ወይስ 22:6 ብላችሁ ጠይቁ።