የካርድዎ ተመላሽ ገንዘብ ሲቀነስ ምትክ እንዴት ይመረጣል?

ባንክዎ ወይም የሞባይል ገንዘብ አገልግሎትዎ በየግብይቱ ይመልስልዎ የነበረውን ገንዘብ ሲቀንስ፣ ወደ ሌላ ከመዛወርዎ በፊት የቀረብዎትን ጥቅም በብር ያስሉት። በወር 8,000 ብር በካርድ የሚከፍል ሰው ተመላሹ ከ2 በመቶ ወደ 1 በመቶ ቢወርድ የሚያጣው 80 ብር ነው፤ ይህም አዲስ ሂሳብ ለመክፈት በፒያሳ ወይም በሜክሲኮ ቅርንጫፎች ወረፋ መያዝን ላያዋጣ ይችላል።

ለውጡ የሚያዋጣ ከሆነ፣ ያለፉትን ሦስት ወራት የሂሳብ መግለጫ አውጥተው ገንዘብዎ በዋናነት ለምን እንደሚውል ይለዩ፤ አብዛኛው ወጪዎ ነዳጅና የአየር ሰዓት ሆኖ ሳለ ለሆቴልና ለአውሮፕላን ትኬት ከፍተኛ ተመላሽ የሚሰጥ ካርድ መያዝ ትርፉ ስም ብቻ ነው። በማስታወቂያው ላይ በትልቁ ከተጻፈው መቶኛ ይልቅ፣ የተመላሹን ወርኃዊ ጣሪያ፣ የሚያበቃበትን ቀን፣ የካርዱን ዓመታዊ ክፍያና ገንዘብ ሲያስተላልፉ የሚቆረጠውን ኮሚሽን በጥንቃቄ ያንብቡ። ተመላሹ የሚሰጠው በጥሬ ገንዘብ ሳይሆን በአየር ሰዓት ወይም በነጥብ ከሆነ፣ እኔ በግማሽ ዋጋው ብቻ እንዲቆጥሩት እመክራለሁ።

ዘወትር የሚገበዩባቸው ሱቆች የትኛውን እንደሚቀበሉም አስቀድመው ይጠይቁ። በ2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውን ቴሌብርን የሚቀበል ነጋዴ በ2015 ዓ.ም. የመጣውን ኤምፔሳን ላይቀበል ይችላል፤ የካርድ ማሽን የሌለው ሱቅም ብዙ ነው።

ደመወዝዎ ወይም የብድር ክፍያዎ ከአሮጌው ሂሳብ ጋር የተያያዘ ከሆነ፣ እነዚህን ሳያዛውሩ ሂሳቡን አይዝጉ።