ከወረዳ ገንዘብ ሲጠይቁ እንባ ጠባቂ የሚችለውና የማይችለው

ወረዳ ወይም ክፍለ ከተማ ገንዘብዎን ይዞ ሲያመላልስዎ ጎረቤት ሁሉ «እንባ ጠባቂ ሂድ» ይላል። ምክሩ ግማሹ ልክ ነው። የኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም በአዋጅ ቁጥር 211/1992 የተቋቋመው በአስፈጻሚው አካል የሚደርስ አስተዳደራዊ በደል እንዲታረም ነው። መርምሮ የሚሰጠው የመፍትሔ ሐሳብ ነው። የፍርድ አፈጻጸም መዝገብ ተከፍቶበት የወረዳውን ሒሳብ የሚያስይዝ ውሳኔ አይደለም። አቤቱታ ማቅረብ በነጻ ስለሆነ ብዙ ሰው መጀመሪያ ወደዚያ ይሮጣል፤ ችግሩ የሚጀምረውም ጉዳዩ የዚያ ቤት ሳይሆን ሲቀር ነው።

ከመሄድዎ በፊት አንድ ጥያቄ ይመልሱ፦ የሚጠይቁት ብር ተወስኗል ወይስ ገና ያከራክራል?

የካሳው ልክ ጸድቆ በደብዳቤ ደርሶዎት ክፍያው «በጀት አልተለቀቀም» እየተባለ ከቆመ፣ ወይም በብልጫ የከፈሉት እንዲመለስልዎ ተወስኖ ፋይሉ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ከዞረ፣ እንባ ጠባቂ ትክክለኛው ቦታ ነው። እዚህ በደሉ መዘግየት ወይም መልስ መከልከል ነው። ተቋሙ ኃላፊውን ጠርቶ መጠየቅ፣ ሰነድ ማስቀረብና ነገሩን በስምምነት ለመጨረስ መሞከር ይችላል።

ሹሙ ያለ ትዕዛዝ አጥርዎን አስፍርሶ ዕቃ ከወደመ፣ ወረዳውም «ጥፋት የለብንም» ካለ ግን ጥያቄው የኃላፊነትና የጉዳት ልክ ነው። ይህ የፍርድ ቤት ሥራ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2126 የመንግሥት ሠራተኛ በጥፋቱ ለሚያደርሰው ጉዳት ተጠያቂ እንደሆነ ይደነግጋል፤ ጥፋቱ የሥራ ጥፋት ከሆነ ተጎጂው ካሳውን ከመንግሥትም መጠየቅ ይችላል። ሹሙ በሥልጣኑ ልክ ለመንግሥት ጥቅም የሠራ መስሎት በቅን ልቦና ካደረገው የሥራ ጥፋት ነው፤ ከዚያ ውጪ የግል ጥፋት ይባላል (ቁጥር 2127)። ቅን ልቦና እንደነበረው ስለሚገመት ተቃራኒውን የማስረዳት ሸክም በከሳሹ ላይ ይወድቃል። ወረዳውን ብቻ ከሰው የግል ጥፋት ነው ከተባለ መዝገቡ ባዶ ሊቀር ይችላል። ሹሙንና ወረዳውን አጣምሮ መክሰስ የሚሻለው ለዚህ ነው።

ከሁሉ በላይ ሰው የሚጎዳው በይርጋ፣ ማለትም ክስ የማቅረቢያው ጊዜ በማለፉ ነው። ከውል ውጪ ለደረሰ ጉዳት የካሳ ክስ ጉዳቱ ከደረሰ በ2 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት (ቁጥር 2143)። እንባ ጠባቂ ዘንድ የቀረበ አቤቱታ የፍርድ ቤት ክስ አይደለምና ቀኑን አያቆምልዎትም። «እየተመረመረ ነው» ሲባሉ ዓመት ከመንፈቅ ካለፈ ክሱን ይመሥርቱ። የዳኝነት ክፍያው ከአቅም በላይ ከሆነ በደሃ ደንብ ለመክሰስ ማመልከት ይቻላል። ለወረዳው ዕቃ አቅርበው ያልተከፈለዎት ከሆነ ግን ጉዳዩ የውል ነው፤ ሌላ የተለየ ጊዜ ካልተደነገገለት ይርጋው 10 ዓመት ነው።

ክስ ከመሠረቱ በኋላ ደግሞ ተመልሰው ወደ እንባ ጠባቂ አይሂዱ። በየትኛውም ደረጃ ባለ ፍርድ ቤት የተያዘ ጉዳይን፣ እንዲሁም የተመረጡ ምክር ቤቶች በሕግ አውጪነታቸው የሰጡትን ውሳኔ እንዳይመረምር የማቋቋሚያ አዋጁ አንቀጽ 7 ይከለክለዋል። ምክር ቤቱ ያወጣው ታሪፍ በዛብኝ ማለት አያስኬድም፤ ጽሕፈት ቤቱ ከታሪፉ በላይ አስከፈለኝ ማለት ግን ያስኬዳል።

መሬት ተነሥቶ የካሳው ግምት አነሰ የሚሉ ሰዎች መንገዳቸው ሌላ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሠረት አቤቱታው በ30 ቀን ውስጥ ለአቤቱታ ሰሚው አካል፣ ከዚያም ለይግባኝ ሰሚ ጉባኤ ይቀርባል፤ ፍርድ ቤት የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እንባ ጠባቂ ደጅ ቆመው 30ው ቀን ካለፈ ተቋሙ አይመልስልዎትም።

ጉዳዩ በእርግጥ የእንባ ጠባቂ ከሆነ መጀመሪያ ለወረዳው በጽሑፍ ያመልክቱ። በሁለት ቅጂ ይዘው መዝገብ ቤት ይግቡና በእርስዎ ቅጂ ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም ያስመቱ። በቃል «ነግሬያቸዋለሁ» የሚባል አቤቱታ ማስረጃ የለውም። መልስ ሲጠፋ ወደ በላይ ኃላፊው ወይም ወደ ቅሬታ ሰሚው ይሂዱ፤ ይህን ዘለው የሄዱ ባለጉዳዮች «መጀመሪያ እዚያ ጨርስ» ተብለው ይመለሳሉ።

አቤቱታው ላይ የሚጠይቁትን መፍትሔ ተቋሙ ሊሰጥ በሚችለው ልክ ይጻፉ። «ወረዳው ለደረሰብኝ የሞራል ጉዳት 200,000 ብር እንዲከፍለኝ ይወሰንልኝ» የሚለው አይሠራም። የሚሠራው እንዲህ ያለው ነው፦ «የካሳ ክፍያዬ በደብዳቤ ቁጥር ... በቀን ... ተወስኖ እስካሁን ያልተከፈለበት ምክንያት ተመርምሮ፣ ክፍያው እንዲፈጸም፣ ካልሆነም ምክንያቱ በጽሑፍ እንዲገለጽልኝ የመፍትሔ ሐሳብ ይሰጥልኝ።» ብሩ አለ፤ የተጠየቀው ግን አስተዳደራዊ እርምጃ ነው።

የምርመራው ውጤት በጽሑፍ ይሰጥዎ ዘንድ ይጠይቁ። ወረዳው አልቀበልም ካለና ፍርድ ቤት ከሄዱ ዳኛውን ባያስገድድም ከክሱ ጋር የሚያያዝ የጽሑፍ ማስረጃ ይሆናል። በምርመራው ጉቦ መጠየቅን የመሰለ ወንጀል ከታየ ደግሞ ተቋሙ ራሱ አይቀጣም፤ ለሚመለከተው አካል ያሳውቃል።