የህይወት ታሪክ ስታነቡ ዓመቱን ወደ እድሜ ቀይሩት

የአንድ ፈላስፋ ወይ ሰዓሊ የህይወት ታሪክ ስታነቡ በዚህ ዓመት እንዲህ አደረገ በዚያ ዓመት እንዲያ ሆነ እየተባለ ቁጥር ብቻ ይደረደርና ሶስተኛው ምዕራፍ ላይ ሁሉም ይምታታባችኋል አይደል? ቁራጭ ወረቀት ላይ ሰውዬው የተወለደበትን ዓመት በትልቁ ጻፉና እንደ ቡክማርክ ተጠቀሙበት፣ ዓመት በተጠቀሰ ቁጥር ቀንሱና እድሜውን በእርሳስ ህዳጉ ላይ ጣል አድርጉ። በቃ።

ለምሳሌ የተፈጥሮ ተመራማሪው ዳርዊን የተወለደው በፈረንጆቹ 1809 ነው። 1831 ላይ ቢግል መርከብ ላይ ተሳፈረ ሲባል ምንም አይመስልም፣ 22 ብላችሁ ስትጽፉ ግን ገና ትምህርቱን የጨረሰ ልጅ ፊታችሁ ድቅን ይላል፣ ስለ ዝርያዎች አመጣጥ የጻፈውን ያሳተመው ደግሞ በ50 ዓመቱ! ቫን ጎግማ (1853) ሰዓሊ ልሁን ብሎ የቆረጠው 27 ላይ፣ የሞተው 37 ላይ፣ ያ ሁሉ ስዕል 10 ዓመት ውስጥ ማለት ነው፣ እኔ ህዳጉ ላይ እስክጽፈው ድረስ ልብ አላልኩትም ነበር።

የሚሰራው ለምን መሰላችሁ፣ 1831ን ማናችንም አናውቀውም፣ 22 ዓመትን ግን ወይ ኖረነዋል ወይ እየመጣ ነው።

ዓመቱ መጨረሻ ላይ የተወለደ ሰው ከሆነ ግን ተጠንቀቁ፣ ቤትሆቨን በዲሴምበር 1770 ስለተወለደ ዘጠነኛው ሲምፎኒ በሜይ 1824 ሲቀርብ 53 እንጂ 54 አልነበረም። እንደ ሶቅራጥስ የትውልድ ዓመቱ በግምት ለሆነ ሰው ደግሞ ባትደክሙ ይሻላል።