አገልግሎታችንን ከውዳሴ ከንቱ እንዴት እንጠብቅ?

በሰንበት ትምህርት ቤት የሚዘምር፣ በበዓለ ጥምቀት ምንጣፍ የሚያነጥፍ ወይም በጽዋ ማኅበሩ ነዳያንን የሚመግብ ሰው ሁሉ «ይህን የማደርገው ለማን ብዬ ነው?» ብሎ ራሱን የሚጠይቅበት ቀን ይመጣል። አባቶቻችን መልካም ሥራን ለሰው ምስጋና ሲሉ መሥራትን ውዳሴ ከንቱ ይሉታል። ይህ ፈተና የሚገባው በጾም፣ በጸሎትና በምጽዋት በር ስለሆነ፣ ይበልጥ ሊጠነቀቀው የሚገባው ተግቶ የሚያገለግለው ሰው ነው።

አስቀድመው የማቴዎስን ወንጌል ምዕራፍ 6 በዝግታ ያንብቡ። ጌታችን ምጽዋትን፣ ጸሎትንና ጾምን በየተራ እያነሣ፣ ለሰው ለመታየት ስለሚያደርጉት ሰዎች ሦስት ጊዜ «ዋጋቸውን ተቀብለዋል» ይላል። በግሪክኛው ያለው ግስ በዚያ ዘመን በክፍያ ደረሰኝ ላይ ይጻፍ የነበረ፣ ሒሳቡ ሙሉ በሙሉ መከፈሉን የሚያመለክት ቃል ነው። እንግዲህ ለእልልታ ሲል የዘመረ ሰው፣ እልልታው በተሰማ ጊዜ ሒሳቡ ተዘግቷል፤ ከሰማይ አባቱ የሚጠብቀው ቀሪ የለውም። በዚያው የተራራ ስብከት፣ ምዕራፍ 5 ቁጥር 16 ላይ፣ ብርሃናችሁ በሰው ፊት ይብራ መባሉ ከዚህ ጋር አይጋጭም፤ ሰባኪ ተሸሽጎ ሊሰብክ አይችልምና። ልዩነቱ ያለው የሚያየን ሰው ማንን እንዲያመሰግን በመፈለጋችን ላይ ነው።

ልብ ራሱን ስለሚያታልል፣ ዓላማዎን ለመመርመር ቅሬታዎን ይከተሉ። የሚመሩት መዝሙር ለሌላ ሲሰጥ፣ ስምዎ ከምስጋናው ሲዘለል ወይም ታናሽዎ ሲያርምዎ ምን ይሰማዎታል? እኔ ለአንድ በዓል ስደክም ከርሜ ስሜ ሳይጠራ በመቅረቱ ለሦስት ሳምንታት ከአገልግሎት ቀርቼ ነበር። በዓሉ ግን በሰላም ተፈጽሞ፣ ነዳያኑም በልተው ጠግበው ነበር። የተጎዳው የእኔ ስም ብቻ መሆኑን ሳስተውል፣ ስደክም የነበረው ለማን እንደሆነ ገባኝ።

ቀጥሎ ከሚታየው አገልግሎትዎ ጎን አንድ የማይታይ ሥራ ይያዙ። ከዝክሩ በኋላ ዕቃ ማጠብ፣ ግቢውን መጥረግ ወይም ለተቸገረ ቤተሰብ በካህን እጅ፣ ስምዎ ሳይነገር፣ በየወሩ መስጠት ይችላሉ። ስለት ሲያስገቡ ስም ማስመዝገብ ካስፈለገ የክርስትና ስምዎ ይበቃል። ነዳያንን ሲመግቡ ፎቶግራፍ አያንሡ፤ ይህ የእርስዎን ነፍስ ብቻ ሳይሆን የሚበላውንም ሰው ክብር ይጠብቃል።

ሐናንያና ሰጲራን ያስታውሱ። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 4 በርናባስ የተባለው ዮሴፍ መሬቱን ሸጦ ገንዘቡን በሐዋርያት እግር አጠገብ እንዳኖረ ከተናገረ በኋላ፣ ወዲያው በምዕራፍ 5 የእነዚህን ባልና ሚስት ታሪክ ያመጣል፤ እነርሱም መሬት ሸጠው ከዋጋው ከፍለው እያስቀሩ ሙሉውን የሰጡ አስመሰሉ። ጴጥሮስ ሐናንያን መሬቱ ሳይሸጥ የአንተ ነበረ፣ ከተሸጠም በኋላ ገንዘቡ በሥልጣንህ ነበረ ብሎታል። ስለዚህ ጥፋታቸው ከፍሎ ማስቀረታቸው ሳይሆን፣ እኩሌታውን ሰጥተው የሙሉውን ክብር መሻታቸው ነበር። ትንሽ ሰጥቶ ትንሽ ሰጠሁ ማለት ነውር የለውም።

ዓላማዬ አልጠራም ብለው ግን አገልግሎትዎን አይተዉ። «ዓላማዎ ካልጠራ ይተዉ» የሚለው ምክር መንፈሳዊ ይመስላል፤ በእኔ እምነት ግን ብዙዎችን ከቤተ ክርስቲያን ያራቀ ነው። ልብ እየሠራ የሚጠራ እንጂ ጠርቶ እስኪያልቅ ተቀምጦ የሚጠብቅ አይደለም፤ ስለዚህ እያገለገሉ ፈተናዎን ለንስሐ አባትዎ ይንገሩ። የሌላውን ልብ ለመመርመርም አይነሡ። ቅዱስ ጳውሎስ ወደ ፊልጵስዩስ ሰዎች በጻፈው መልእክት በምዕራፍ 1 አንዳንዶች ከቅንዓት የተነሣ እንደሚሰብኩ እያወቀ፣ ክርስቶስ በመሰበኩ ደስ ይለኛል ብሏል።

ሰው ሲያመሰግንዎ «እግዚአብሔር ይመስገን» ብለው ዝም ይበሉ። «ኧረ እኔ ምን አደረግሁ» እያሉ ደጋግሞ መከራከር ብዙ ጊዜ ሁለተኛ ምስጋና ይጠራል። ከዚያ ወደሚቀጥለው ሥራዎ ይሂዱ።